ወርቁን ያስጮኸው ጠበል

ድሬስደን፣ ኅዳር 4 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሸዋረጋ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ ቢሆንም ወፍራም ካፖርት ገዝቻለሁና አያስቡ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ግራ ገባኝ። እስከ ዛሬ የእርስዎን ቃል የማነበው በጎረቤታችን ልጅ በገረሱ እጅ ነበር። እሱ ደግሞ እርስዎ ያላሉትን ቀልድ በመሀል ሸጎጥ ስለሚያደርግ፣ የትኛው የእርስዎ፣ የትኛው የእሱ እንደሆነ መለየት ለምጄ ነበር። አሁን «ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው፤ መሠረተ ትምህርት ስመላለስ ከርሜ ነው» የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ትንሽም አለቀስኩ። ፊደሎቹ ወደ ላይ እየወጡ የእንጦጦን ዳገት መስለዋል፤ እንዳያስተካክሏቸው፣ እንዲሁ ወድጃቸዋለሁ። ገረሱስ ምነው፣ ሥራ በዛበት? ሰላም ይበሉልኝ።

ምን እንደምሠራ ጠይቀውኛል። ለሰው «ኬሚስትሪ ይማራል» እያሉ ነው የሚነግሩት አይደል? አሁን ምርምር የሚባለው ላይ ደርሻለሁ። ሥራዬ ወርቅን እጅግ ደቃቅ አድርጎ ውኃ ውስጥ ማንሳፈፍ፣ ከዚያም የቅንጣቶቹን መጠን መለካት ነው። በወፍጮ አይደለም። የወርቅ ጨው የሚባል ቢጫ ነገር አለ፤ እሱን በተጣራ ውኃ አፈላዋለሁ። ሲንተከተክ ከሎሚ ኮምጣጣነት የሚወጣ ሌላ ጨው ጠብ አደርግበታለሁ። ውኃው መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ከዚያ ዓይኔ እያየ ቀስ እያለ ይቀላል። የቀይ ሥር ውኃ ነው የሚመስለው። ያ ቅላት ወርቅ ነው፣ እትዬ! ወርቅ እስከዚያ ድረስ ሲደቅ ቢጫነቱን ይተዋል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን እራቴን ረስቼ አደርኩ።

ችግሬ አንድ ነው። ቅላቱ እንዲቆይ ቅንጣቶቹ ተራርቀው መቆም አለባቸው። ከተነካኩ ይጣበቃሉ፤ ሲጣበቁ ውኃው ወደ ሰማያዊ ይለወጥና ጥቁር አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። የእኔ ወርቅ አንዳንድ ቀን እንደ ቀላ ይቆያል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ይበላሻል። እጁ ያው እጅ፣ ዕቃው ያው ዕቃ! ፕሮፌሰሩ እስከ ግንቦት መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል። ያኔ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሚባለው ትልቅ መሣሪያ ተራ ይደርሰኛል። ሳይበላሽ የሚቆይ፣ ደግሜ ስሠራውም ያው የሚሆን ወርቅ ይዤ ካልቀረብኩ ተራው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል፤ እኔም ምርምሩን አቋርጬ በሐምሌ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። እንግዲህ ከተሳካ እሰየው፣ ካልተሳካም ቶሎ ያዩኛል። ለእርስዎ ሁለቱም ደስታ ነው።

ልጅዎ ፀሐዬ


የካ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀሐዬ፤

ኪዳነ ምሕረት ከክፉ ነገር ትሰውርህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር አንድም የጎደለኝ የለም። እሱንም ለምጄዋለሁ፤ እንደ ክፉ ጎረቤት አብረን እንኖራለን።

ደብዳቤህን ገና ፊደል እየቆጠርኩ ስለማነብ አንዱን ገጽ ዛሬ፣ አንዱን ነገ እያልኩ ነው የጨረስኩት። እንዲያውም እንዲህ ሲሆን ቶሎ አያልቅም። ፊደሌ ዳገት ይወጣል ብለህ አሹፈሃል። አንተ ልጅ፣ እዚያ ሄደህ ምላስህ ረዘመ ልበል?

አሁን የምጠይቅህን ሁሉ መልስልኝ። ወርቅ አይዝግም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ውኃ ውስጥ ይንሳፈፋል ሲሉ ግን አልሰማሁም። ለመሆኑ የማን ወርቅ ነው? ሰው ጆሮ ላይ ያለ እንዳይሆን! ደግሞስ እንዴት ነው የምትለካው? እኔ በቀበሌው የኅብረት ሱቅ ስኳር ስመዝን አንዲት ማንኪያ ብትጎድል ሚዛኑ ይነግረኛል። የአንተን ቅንጣት የትኛው ሚዛን ይሰማዋል? ለፈትለወርቅ፣ ለገረሱ እናት፣ ወርቅ ሲደቅ ይቀላል ብላት «አንቺ ደግሞ ማንበብ ከጀመርሽ ወዲህ የማታመጪው የለ» ብላ ከረጅም ጊዜ በኋላ ትንሽ ፈገግ አለች።

«ለእርስዎ ሁለቱም ደስታ ነው» ላልከው፣ ማን ነገረህ? እኔ አንተን ለማየት አልቸኩልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዘንድሮ እዚህ አየሩ አልተስማማም፤ ክፉ ጉንፋን ገብቷል። ሽማግሌውን ትቶ ወጣት ወጣቱን ነው የሚይዘው፣ ያውም መንገድ ላይ ያገኘውን። ስለዚህ ሐምሌ፣ ሐምሌ አትበልብኝ። ወርቅህን አሳምረህ ሥራ።

ለእመቤቴ ስለት ተስያለሁ። ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ሳይደርስ አይነገርም።

አክስትህ ሸዋረጋ


ድሬስደን፣ ጥር 27 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሸዋረጋ፤

ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። ስለ ጉንፋኑ በጣም አሰብኩ። ማርና ሎሚ በሙቅ ውኃ ይጠጡ፤ ቆርቆሮ ጣሪያው ሲነጋጋ ስለሚበርድ ነጠላ ብቻ ለብሰው እንዳይወጡ። ገረሱንም ይዞት ነው እንዴ የማይጽፍልኝ? ሰላም ባይለኝ እቀየመዋለሁ ይበሉት።

ወርቁ የማንም ጆሮ ላይ የነበረ አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ደግሞ በጣም ትንሽ ናት። አንዲት ቀለበት ቢሰጡኝ የግቢውን በርሜሎች ሁሉ አቀላቸው ነበር።

ስለ መለካቱ የጠየቁኝን ግን እንደ እርስዎ አድርጎ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ሚዛን አይሰማውም፤ የሚሰማው ብርሃን ነው። ሱቁ ውስጥ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ አለ አይደል? ጠዋት ፀሐይ በዚያ ስትገባ አቧራው በጨረሩ መንገድ ላይ ሲንከራተት ይታያል። ጨረሩን ራሱን እያየን አይደለም። ብርሃኑ አቧራውን እየነካ ወደ ጎን ሲበተን፣ ያችን የተበተነችውን ነው የምናየው። እኔም በጨለማ ክፍል ውስጥ ቀጭን ጨረር በቀዩ ውኃ ውስጥ አሳልፋለሁ፤ ወደ ጎን የሚወጣውን ብርሃን ለክቼ የቅንጣቱን ትልቅነት እገምታለሁ። ይህ ግምት ነው። ቅንጣቱን በዓይን የሚያሳየው ያ ትልቁ ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ተራዬን እንደ ፋሲካ የምጠብቃት።

ትንሽነታቸውን ልንገርዎት? ስልሳ ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንዲት ጤፍ ፍሬን ወርድ ቢያክሉ ነው። እኔም ቁጥሩን አምነዋለሁ እንጂ ልቤ አይቀበለውም።

ቤትዎ ሆነው ሊሞክሩት ይችላሉ። በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ላይ አንዲት ጠብታ ወተት ጨምረው በዚያ በቀዳዳው ጨረር ላይ ይያዙት። በሌላ ብርጭቆ ደግሞ ጨው አሟሙተው ይያዙ። ያዩትን ይጻፉልኝ፤ እኔ አስቀድሜ አልነግርዎትም።

እንጦጦ ከየካ ሲያዩት ሰማያዊ ይመስል የለ? ያንንም ፕሮፌሰሩን ጠየቅኩት። ከዛፎቹ የሚወጣው ሽታ አየር ላይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት እየሆነ ብርሃኑን ሳይበትነው አይቀርም፣ እንዲህ የሚሉ ሊቃውንት አሉ አለኝ። ባሕር ዛፉም የእኔን ሥራ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው።

የእኔ ነገር እንደ ነበረ ነው። በዚህ ሳምንት እንኳ አንዱ ቀልቶ ሲቆይ ሌላው እጄ ላይ ሰማያዊ ሆነ። ወርቁን ጠረጠርኩ፣ ጨውን ጠረጠርኩ፣ በመጨረሻ እጄን ጠረጠርኩ። ስለቱ ምን እንደሆነ ቢነግሩኝ ምን አለበት?

ልጅዎ ፀሐዬ


የካ፣ የካቲት 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀሐዬ፤

ሰላም ከምትኖርበት ቤት አይጥፋ። ይህን ደብዳቤና ይህችን ብልቃጥ የምትሰጥህ አስቴር ናት፤ ነርስነት ለመማር አንተ ያለህበት ከተማ ትመጣለች። ጨዋ ልጅ ናት፣ በብርዱ እንዳትሸማቀቅ አሳያት።

ብልቃጧ ውስጥ ያለው ጠበል ነው። ከትናንት ወዲያ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ስለነበረ፣ በባዶ ሆዴ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል እንጦጦ ወጥቼ ቀዳሁልህ። ጉልበቴን አላማከርኩትም፤ ባማክረው አይሆንም ይለኝ ነበር። አፉን በሻማ ስላሸግኩት አይፈስም። ስትከፍት በንጹሕ እጅ ክፈት። ከቀዩ ወርቅህ ላይ አንዲት ጠብታ ጨምርበት፤ ካልከበደህ በጾም ሆነህ። መድኃኒት ቤቱም ምርምሩም የእግዚአብሔር ነው፣ አትፈር።

ወተቱን ገና አልሞከርኩም፤ ነነዌ ገብቷል እኮ፣ ዐቢይ ጾምም ደርሷል፣ ረሳኸው? ለልጆች ያለው ቤት እለምናለሁ።

ስለ ገረሱ ጠይቀሃል። አዎ፣ እሱንም ይዞታል። ወደ ሰሜን ነው የሄደው። ዝም አይነቅዝም።

አክስትህ ሸዋረጋ


ድሬስደን፣ መጋቢት 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሸዋረጋ፤

እንደምን አሉ? አስቴር በሰላም ገብታለች፤ ብልቃጧም ጠብታ ሳትፈስ ደርሳኛለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በዚያ ጉልበት ያን ዳገት መውጣትዎን ሳስብ ምን እንደምል አላውቅም።

እዚህ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። ወንዙ ሞልቷል፤ ሰዉ ሁሉ ድልድይ ላይ ቆሞ ያየዋል። አንዳንዱ ዛፍም ማቆጥቆጥ ይዟል። ሥራ በዝቶብኛልና ለዛሬ ይብቃኝ።

የገረሱን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ምንም አልጠይቅም።

ልጅዎ ፀሐዬ


የካ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀሐዬ፤

እንኳን ከብርዱ ወደ ሙቀቱ አሸጋገረህ። ስለ ወንዙ ሰምቻለሁ፣ ስለ ዛፉም ሰምቻለሁ። ጠበሉን ጨመርክ ወይስ አልጨመርክም?

እኔ ያሳደግኩህ ሰው ነኝ። ልጅ ሆነህ ዕቃ ስትሰብር ስለ ውጪው ዝናብ ነበር የምታወራልኝ። አንድ ነገር ተበላሽቶብሃል፤ ልቧ ይሰበራል ብለህ ሆድህ ውስጥ ይዘኸዋል። የእኔን ልብ ለእኔ ተውልኝ።

ጠበል ጨምረህ ወርቅህ ቢከፋበት እኔ አይገርመኝም። ጠበል ቦታ ሄደህ አታውቅምና ልንገርህ። የታመመ ሰው ጠበሉ ሲነካው አይረጋጋም፤ መጀመሪያ ይጮኻል። ያደረበት «ተቃጠልኩ!» እያለ ይለፈልፋል። አላዋቂ ዘመድ ያኔ ጠበሉ ገደለብኝ ብሎ በሽተኛውን ይዞ ይሸሻል። ካህኑ ግን አይሸሽም። ቀረብ ብሎ «ማን ነህ? ከየት ገባህ? በምን ያዝከው?» ብሎ ይጠይቀዋል። እስኪናገር ድረስ ይጠይቀዋል። አንተስ ጠየቅከው? ወይስ ሲጮህብህ ትተኸው ሸሸህ?

ወተቱን ሞክሬዋለሁ፣ ለልጆች ካለው ቤት ለምኜ። ሱቁን ሳንከፍት በቀዳዳው ጨረር ላይ ያዝኩት። ወተት ያለበት ውስጥ ጨረሩ እንደ ክር ተዘርግቶ ታየ፣ ያውም ወደ ሰማያዊ ያደላ! ጨው ያለበት ግን ምንም የለም፣ ባዶ። ጨው ከወተት ይደቅቃል ማለት ነው? የሱቁ ሊቀ መንበር ሲገባ ብርጭቆ ወደ ጣሪያ ይዤ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘኝ። «ሸዋረጋ፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ምርምር ላይ ነኝ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በጎን በጎን ያየኛል።

ግንቦት ደረሰ። ቶሎ ጻፍ።

አክስትህ ሸዋረጋ


ድሬስደን፣ ግንቦት 16 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሸዋረጋ፤

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ደብዳቤዎ ባይደርሰኝ ኖሮ ዛሬ ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነበር።

ጨምሬ ነበር። በመጋቢት፣ ከሁሉ የተሻለ ቀልቶልኝ ከነበረው ላይ በትንሽ ብርጭቆ ቀንሼ፣ እንዳሉኝ ቁርስ ሳልበላ፣ በንጹሕ እጅ አንዲት ጠብታ ጣል አደረግኩበት። ምንም አልሆነም። ደስ ብሎኝ ሌላ ጠብታ፣ ደግሞ ሌላ ጨመርኩ። ዓይኔ እያየ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ሲነጋ ጥቁር አተላ ነበር። እርስዎ በባዶ ሆድ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው የቀዱት ወርቄን ገደለው ብዬ እንዴት ልጻፍልዎ? ብልቃጧን ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅኳት።

ከዚያ «ከየት ገባህ ብለህ ጠየቅከው?» የሚለው ደብዳቤዎ መጣ። አንብቤ ሳልጨርስ ካፖርቴን አንሥቼ ወጣሁ። ጠበሉ ያመጣው ሰማያዊ፣ በነዚያ ያለ ምክንያት በሚበላሹብኝ ቀኖች ከማየው ሰማያዊ ጋር አንድ እንደነበረ ያኔ ነው የታወሰኝ። በቀለምም በአኳኋንም አንድ ነው። ታዲያ ያንኛውስ ከምን መጣ? ወርቁንም ጨውንም እጄንም ስጠረጥር ውኃውን አንድ ቀን ጠርጥሬው አላውቅም። ዕቃው ላይ «የተጣራ» ተብሎ ተጽፎበታላ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እውነት ነው።

በአንድ ንጹሕ መስተዋት ላይ የጠበሉን ጠብታ፣ ከጎኑ የእኛን የተጣራ ውኃ ጠብታ አድርጌ አደረቅኳቸው። ጠበሉ ነጭ ቀለበት ተወ፤ በማንቆርቆሪያዎ ግርጌ የሚጋገረው ዓይነት፣ ከድንጋይ ውስጥ ይዞት የሚመጣ ማዕድን ነው። የእኛ ውኃ ምንም መተው አልነበረበትም። እሱም ሳሳ ያለ ቀለበት ተወ! ቅንጣቶቹን አራርቆ የሚያቆማቸው እያንዳንዱ የያዘው ኤሌክትሪክ ነው፤ ያ ማዕድን ደግሞ ኃይሉን ያጠፋዋል። ስለዚህ ይጣበቃሉ።

ማጣሪያው ልክ እንደ አረቄ ማውጫ ነው። ውኃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመስተዋት ቱቦ ሲያልፍ በዙሪያው የሚሄደው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ያቀዘቅዘውና ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ቱቦውን አውጥቼ በመብራት አየሁት። መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። የቧንቧው ግፊት ሲበረታ ውኃው በዚያች ይገባል፣ ሲደክም አይገባም። ወርቄ አንድ ቀን ቀልቶ አንድ ቀን የሚበላሸው ለዚህ ነበር። ከየት ገባህ? በመጋጠሚያው።

ቱቦው ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ ቀልቷል፣ ቀልቶም ቆሟል። ፕሮፌሰሩ ብልቃጧን አይቶ ምንድን ነው ሲለኝ ነገርኩት። የሚያምን ሰው አይደለም፤ ግን አልሳቀም። «የእንጦጦ ውኃ» ብሎ ጻፈባትና ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር መደርደሪያ ላይ አስቀመጣት።

የጨውን ነገር በትክክል ነው የደረሱበት። ወተት ውስጥ ያለው ስብ ብርሃን ለመበተን ይበቃል፤ ጨው ግን ከሚገባው በላይ ደቅቆ ስለሚሟሟ አይታይም። የማይክሮስኮፑ ተራ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ይጸልዩልኝ።

ልጅዎ ፀሐዬ


ድሬስደን፣ ሰኔ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሸዋረጋ፤

መልስዎን ሳልጠብቅ ደግሜ እጽፋለሁ። አየኋቸው! ፎቶግራፉን በዚህ ውስጥ ልኬልዎታለሁ። ክቡ ጥቁር ጥቁር ነገር ሁሉ ወርቅ ነው። ማስመሪያ ይዤ በፎቶው ላይ አንድ በአንድ ለካኋቸው፤ መሣሪያው ባጎላበት መጠን ሳካፍለው አብዛኞቹ አሥራ ስድስት ናኖሜትር ሆኑ፤ አንድ ናኖሜትር ማለት ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲከፈል ነው። በብርሃኑ ከገመትኩት ጋር ተቀራረበ። ፕሮፌሰሩ እጄን ጨበጠኝ፤ እሱ እጅ መጨበጥ አይወድም።

አሁን ምክርዎን የምፈልግበት ነገር አለ። ለዶክትሬት ይቀጥል ብሎ ፕሮፌሰሩ ጽፎልኛል። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ነው፤ በመሀል መምጣት አይፈቀድም። እስከ ሐምሌ መጨረሻ እሺ ወይም እንቢ ማለት አለብኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ልቤ ወደ እንቢታው አድልቷል። የሞከርኩትን አይቻለሁ፣ የጓጓሁለትን አግኝቻለሁ። በያዝኩት ዲግሪ ኮተቤ ኮሌጅ ማስተማር እችላለሁ። ከየካ ቅርብ ነው፤ ማታ ማታ ቤት እገባለሁ፣ ውኃውን እኔ እቀዳለሁ፣ ጉልበትዎን አሳክማለሁ። ብቻዎን በዚያ ቤት እያሉ እኔ እዚህ ወርቅ ስቆጥር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

እርስዎ ና ካሉኝ በነሐሴ እደርሳለሁ።

ልጅዎ ፀሐዬ


የካ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀሐዬ፤

የወለደችህ እህቴ ብትኖር ዛሬ እልል ባለች ነበር፤ በእሷም ፈንታ እልል ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አላስገባሁትም። ኃይለ መስቀል የባቡር ሥራ ለመማር ወደናንተ አገር ሲመጣ በኪሱ ይዞት ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ስለ ጉንፋን አላወራልህም።

ፎቶውን ሳየው ሰፌድ ላይ የተበተነ ጥቁር ጤፍ መሰለኝ። እኔም ከሱቁ ማስመሪያ ተውሼ ለካኋቸው። እውነትህን ነው፣ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ጥግ ላይ ያሉት ሁለቱ ግን ተጣብቀዋል፤ አይተሃቸዋል? እንደ አንድ ቆጠርካቸው ወይስ እንደ ሁለት? ይህን ሳትመልስልኝ እንዳትቀር።

አሁን ስለ ገረሱ። ባለፈው ዓመት ክረምት፣ ከጉርድ ሾላ ሲመለስ መንገድ ላይ አፍሰው ወሰዱት። እናቱ ስሙን ይዛ ስትዞር ከረመች፤ ከዚህ የለም፣ ከዚያ የለም አሏት። በኋላ ከሰሜን አንድ ቁራጭ ወረቀት ላከ። በግንቦት መርዶው ገባ። ልቅሶ ቤቱ ስቀመጥ ፈትለወርቅ የትምህርት ቤት እስክሪብቶውን አወጣችና «ያንቺን ደብዳቤ የሚጽፍበት ነበር፣ ውሰጂው» አለችኝ። ይህን በእሱ ነው የምጽፍልህ። እኔ በገዛ እጄ መጻፍ የጀመርኩት ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ? ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ መጠየቅ አልቻልኩም።

ኮተቤ አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ ቤት እገባለሁ ብለሃል። ያን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። ኮተቤ ግን ለመድረስ መንገድ አለው፣ ማታ ለመመለስም መንገድ አለው። ወረቀት ቢኖርህም መንገድ ላይ ወረቀት የሚያይ የለም። ገረሱም መታወቂያው በኪሱ ነበር።

ስለቱን ስትጠይቀኝ ከርመሃል። እንግዲህ ደርሷልና ልንገርህ። ሰው ሁሉ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቆሞ «ልጄን መልሽልኝ» ብሎ ይሳላል። እኔ በዚያው ደጅ ቆሜ «እመቤቴ ሆይ፣ ልጄን ይህ ጊዜ እስኪያልፍ አታሳይኝ፤ ጥላ አገባልሻለሁ» አልኩ። ከጎኔ የቆመች ሴት ሰማችኝና ገላመጠችኝ። ምን ታድርግ፣ እኔም ብሆን እገላምጥ ነበር። ጠበሉን የላክሁልህ ወርቅህ እንዲያምር ብቻ መስሎህ ነበር? እዚያው እንዲያስቀርህ ነው የላክሁት።

ናፍቀኸኛል። ይህን መደበቅ አላውቅበትም፣ አሁንም አልደብቀውም። ግን ወርቁ የሚያምረው ተራርቆ ሲቆም ነው ብለህ የጻፍክልኝ አንተ ነህ።

ጥላውን ገዝቻለሁ፤ ቀይ ነው፣ ዙሪያው የወርቅ ዘርፍ ያለው። ነገ ዐሥራ ስድስት ነው፤ ዝናብ ቢሆንም ይዤው እወጣለሁ። ስለት አንዴ ከገባ አይመለስም። አንተም አትመለስ።

አክስትህ ሸዋረጋ